ሕመሙ የቆመለት ጆሮ ሁሉ አልዳነም፦ የጆሮ ሕመም መንስኤዎችና ሕክምናው

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ «ጄፒ» እያሉ የሚጠሩት ጎዳና አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በፀረ አፓርታይድ ታጋይዋ በራሂማ ሙሳ ስም ቢሰየምም የቀድሞው ስም ከሐበሻው አንደበት አልወጣም። በዚያ አካባቢ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ «ሜዲካል አርትስ» ይባላል። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ሠፈሩ በአንድ ወቅት የከተማዋ ሐኪሞች መናኸሪያ ነበርና። ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ሠፈሮች ሲሄዱ የምርመራ ክፍሎቻቸው ሱቆች ሆኑ። በሽተኛ ይታይባቸው የነበሩ ጠባብ ክፍሎች ዛሬ ጂንስ ሱሪ፣ ብርድ ልብስና ጫማ ተደርድሮባቸዋል፤ ከጎናቸውም በርበሬ፣ ሽሮና የቡና ዕጣን ይሸታል።

በእነዚህ ክፍሎች የሚነግዱ ወገኖቻችን ለሐኪም ቤት ቅርብ ናቸው፤ ለሐኪም ግን ሁልጊዜ ቅርብ አይደሉም። ሱቁን ለማን ጥሎ ይኬዳል? ወረቀት ቢጠየቅስ? ወረፋውስ መቼ ያልቃል? በዚህ ምክንያት ብዙ ሕመም በቤት ውስጥ ይታከማል፤ ካልሆነም ይታለፋል። ከሚታለፉት አንዱ የጆሮ ሕመም ነው።

ታሪኩ በጆሃንስበርግም ሆነ በጎንደር፣ በዱባይም ሆነ በዋሽንግተን ተመሳሳይ ነው። ጉንፋን ይዟት የሰነበተች ሕፃን በእኩለ ሌሊት ጆሮዋን ይዛ ታለቅሳለች። እናት ታቅፋ ታድራለች። ጎረቤት ጤና አዳም ጨምቂበት ይላል፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቂበት ይላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ልቅሶው ድንገት ይቆማል። ጠዋት ትራሱ ላይ ቢጫ ፈሳሽ ይገኛል። «ተመስገን፣ ፈነዳላት፤ ዳነች» ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ የቆመው በሽታው ስለጠፋ ሳይሆን የጆሮ ታምቡር ስለተቀደደ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው በራሱ ይደፈናል። ካልተደፈነ ግን ሕመም የሌለው፣ ቀስ እያለ የመስማት ችሎታን የሚበላ፣ አልፎ አልፎም ሕይወትን የሚያሰጋ ሌላ በሽታ ይጀምራል። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው መጨረሻ ላይ መሆኑን መናገራቸው ነው። በሕክምናም ቢሆን አባባሉ እውነት ነው፤ የገዛ ጆሮውን ውስጥ ማየት የሚችል ሰው የለምና።

ሦስት ክፍል ያለው ቤት

ሐኪሞች ጆሮን በሦስት ይከፍሉታል። የውጭው ጆሮ የምናየውን ቅጠሉንና ወደ ውስጥ የሚወስደውን መተላለፊያ ያጠቃልላል። በመተላለፊያው መጨረሻ የጆሮ ታምቡር አለ፤ ስፋቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ እንደ ስስ ወረቀት የሳሳ ቆዳ ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ያለችው በአየር የተሞላች ትንሽ ክፍል መካከለኛው ጆሮ ትባላለች። በውስጧም መዶሻ፣ መስፍ (መቀጥቀጫ) እና እርካብ በመባል በቅርጻቸው የሚጠሩ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ተያይዘው ድምፅን ያስተላልፋሉ። እርካቡ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ በሰው አካል ውስጥ ትንሹ አጥንት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣል፤ የሰውነታችንንም ሚዛን ይጠብቃል።

መካከለኛው ጆሮ አየር የሚያገኘው ከአፍንጫ ኋላ በሚነሣ ቀጭን ቱቦ አማካይነት ነው። ይህ ኢስታኪያን የተባለው ቱቦ ስንውጥና ስናዛጋ ይከፈታል። በትልቅ ሰው ቱቦው ረዘም ብሎ ወደ ታች ያዘነበለ ሲሆን፣ በሕፃን ግን አጭርና ወደ አግድም የቀረበ ነው። ስለዚህ የሕፃን ጉንፋን ከአፍንጫ ወደ ጆሮ ለመሻገር መንገዱ አጭር ነው። የጆሮ ሕመም በትንንሽ ልጆች ላይ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን

በጉንፋን ጊዜ ቱቦው ያብጥና ይዘጋል። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ይራባበታል፤ መግሉ ታምቡሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሕፃኗን በሌሊት የሚያስለቅሳት ይህ ግፊት ነው። ስትተኛ ግፊቱ ስለሚብስባት ሌሊቱ ይከብዳታል። ለመናገር ያልደረሰ ሕፃን ጆሮውን ይጎትታል፣ ያተኩሳል፣ ጡት ጀምሮ ይተዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ስሙ ሲጠራም ላይዞር ይችላል።

የጆሃንስበርግ ክረምት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ይውላል። ወሩ ከእኛ ክረምት ጋር ቢገጥምም ዝናብ የለውም፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ሰው በር ዘግቶ ይቀመጣል፤ በማሞቂያ ጭስ ወይም በሲጋራ የታፈነ ክፍል ውስጥ ጉንፋን ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራል። ሲጋራ የሚጨስበት ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ለጆሮ ኢንፌክሽን የበለጠ ይጋለጣል። ተኝቶ ጡጦ የሚጠባ ሕፃንም እንዲሁ። በአንጻሩ የእናት ጡት ወተት ይከላከላል፤ ይህ ማለት ግን ሕፃኑ ይጠጣው እንጂ ጆሮው ውስጥ ይንጠባጠብ ማለት አይደለም።

በዚህ ረገድ ጆሃንስበርግ ለዓለም ያበረከተችው ነገር አለ። ለጆሮ ኢንፌክሽን፣ ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ከሚዳርጉ ዋነኛ ባክቴሪያዎች አንዱ ኒሞኮከስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኪት ክሉግማን እና ሻቢር ማዲ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በሶዌቶ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ያሳተፈ የክትባት ሙከራ አካሄዱ፤ ውጤቱም በ2003 ታተመ። ሙከራው ክትባቱ ከኒሞኮከስ የሚመጡ ከባድ በሽታዎችን እንደሚቀንስ አሳየ። ደቡብ አፍሪካ በ2009፣ ኢትዮጵያም በ2011 የኒሞኮከስ ክትባትን በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገቡ። ክትባቱ የጆሮ ኢንፌክሽንን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ የልጅን የክትባት ካርድ መጠበቅ ጆሮን መጠበቅ ጭምር ነው።

አንቲባዮቲክ መቼ?

አብዛኛው የመካከለኛ ጆሮ ኢንፌክሽን ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ አንቲባዮቲክ ይሻለዋል። በቅድሚያ የሚያስፈልገው ሕመሙን ማስታገስ ነው። ፓራሲታሞል፣ በደቡብ አፍሪካ ሱቆች «ፓናዶ» ተብሎ የሚሸጠው፣ ለልጆች በክብደታቸው ተለክቶ ይሰጣል፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ፣ በመሐሉም ቢያንስ የአራት ሰዓት ልዩነት እየተደረገ። የሽሮፕ ጥንካሬ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ መለያ ጽሑፉን ማንበብ ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ግድ ነው። ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ሐኪም ሳያየው መድኃኒት አይሰጥም። አስፕሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያስከትል ይችላልና።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልጋቸው አሉ። ከስድስት ወር በታች የሆኑ ሕፃናት፣ ከሁለት ዓመት በታች ሆነው ሁለቱም ጆሮዎቻቸው የታመሙ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ያላቸው፣ ጆሯቸው የሚፈስ፣ እንዲሁም በሁለት ወይም ሦስት ቀን ያልተሻላቸው ከእነዚህ ይመደባሉ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሞክሲሲሊን ነው። ይህን መለየት የሚችለው ግን ጆሮውን በመሣሪያ አይቶ የሚወስን ባለሙያ ነው። ከወንድሙ የተረፈውን ካፕሱል ለእህቱ መስጠት፣ ሲሻል ማቋረጥ፣ ያለ ማዘዣ ከጓዳ የሚሸጠውን መግዛት በሽታውን አያድንም፤ ይልቁንም መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ያፈራል።

ልቅሶው ሲቆም የሚጀምረው በሽታ

ወደዚያች ሕፃን እንመለስ። ታምቡሩ ሲቀደድ መግሉ መውጫ ያገኛል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙም ይታገሣል። ቀዳዳው በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደፈናል። ይሁን እንጂ ፈሳሹ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የመካከለኛው ጆሮ ኢንፌክሽን ይሉታል። በአገራችን በየመንደሩ «ጆሮዋ ይፈሳል» የምትባል ልጅ አለች። ስለማታለቅስ አትታከምም። ትምህርት ቤት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ መምህሯን በግማሽ ትሰማለች፤ ሰነፍ ትባላለች። ሽታው ከጓደኞቿ ያርቃታል። ከዓመታት በኋላ «ጆሮዋ ከልጅነቷ ነው» ይባላል፤ ከየት እንደጀመረ ግን የሚያስታውስ የለም።

ጉዳቱ በመስማት ብቻ አይወሰንም። መካከለኛው ጆሮ ከአንጎል የሚለየው በስስ አጥንት ነው። ኢንፌክሽኑ ከጆሮ ጀርባ ወዳለው አጥንት ከገባ ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ያማል፤ ጆሮው ወደ ፊት ይገፋል። ከዚያም አልፎ ወደ ማጅራት ገትር ወይም በአንጎል ውስጥ መግል ወደ መቋጠር ሊደርስ ይችላል። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያለ ቦታው የሚበቅል፣ አጥንት እየበላ የሚሄድ የቆዳ ክምችትም አለ፤ ይህ የሚታከመው በቀዶ ሕክምና ነው።

ሕክምናው ግን ብዙ ጊዜ ቀላልና ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ባዘጋጀው መመሪያ ለሚፈስ ጆሮ ሁለት ነገሮች ይመከራሉ። የመጀመሪያው ጆሮውን ማድረቅ ነው። ንጹሕ፣ ፈሳሽ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ወይም ጠንከር ያለ የሶፍት ወረቀት እንደ ክር ተጠቅልሎ በቀስታ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ሲርስ ይወጣና በአዲስ ይተካል፤ ደርቆ እስኪወጣም ይደጋገማል። ይህ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ሁለተኛው፣ ከደረቀ በኋላ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ በባለሙያ የታዘዘ የጆሮ ጠብታ ለሁለት ሳምንት መጠቀም ነው። ማንኛውም ጠብታ ግን አይሆንም። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ታምቡሩ በተቀደደ ጆሮ ውስጥ ሲገቡ የውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። የሚፈስ ጆሮ ውሃ እንዳይነካውም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሲታጠቡ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮ በር ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ዋናም ይቅር።

የውጭው ጆሮ ሲታመም

ሁለተኛው የተለመደ መንስኤ የመተላለፊያው ቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ለመለየት አንድ ቀላል ምልክት አለ፤ የጆሮው ቅጠል ሲጎተት ወይም በጆሮ በር ፊት ያለው ትንሽ ጉብታ ሲጫን ሕመሙ ከባሰ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከውጭው ጆሮ ነው። መንስኤው በአብዛኛው ሁለት ነው። አንዱ በዋና ወይም በሻወር ጊዜ ገብቶ የቀረ ውሃ ሲሆን፣ ሌላው በጥጥ ዘንግ፣ በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ሽቦ ወይም በቁልፍ መጎርጎር ነው። ሕክምናው በሐኪም የታዘዘ ጠብታ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ እንዲሁም ጆሮውን ለሳምንት ያህል ደረቅ አድርጎ ማቆየት ነው።

ኩክ ቆሻሻ አይደለም። ቆዳውን የሚያለሰልስ፣ አቧራ የሚይዝ፣ ባክቴሪያን የሚከላከል የተፈጥሮ ቅባት ነው፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስም ቀስ እያለ በራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። የጥጥ ዘንግ የሚያወጣው ጥቂቱን ነው፤ ቀሪውን ወደ ታምቡሩ ገፍቶ ይደፍነዋል። ኩክ ደርቆ ጆሮ ከደፈነ፣ ታምቡሩ እንዳልተቀደደ እርግጠኛ ለሆነ ሰው ለጥቂት ቀናት ሁለትና ሦስት ጠብታ ለብ ያለ የወይራ ዘይት ማንጠባጠብ ያለሰልሰዋል። ካልወጣ ባለሙያ ያጥበዋል ወይም በመሣሪያ ያወጣዋል።

ስኳር በሽታ ያለባቸው አረጋውያን ግን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በእነርሱ ላይ የውጭው ጆሮ ኢንፌክሽን ወደ ራስ ቅል አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። በሌሊት የሚብስ፣ እንቅልፍ የሚነሣ፣ በተለመደው ጠብታ የማይታገሥ ሕመም በስኳር ሕመምተኛ ላይ ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ከቦሌ እስከ ኦ አር ታምቦ

አውሮፕላን ሲያርፍ ጆሯቸውን የሚያማቸው ብዙዎች ናቸው። ምክንያቱ የአየር ግፊት ልዩነት ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ የካቢኑ ግፊት ይጨምራል፤ ቱቦው በጉንፋን ከተዘጋ ግን በመካከለኛው ጆሮ ያለው አየር ያንሳል፤ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይሳባል።

እዚህ ላይ ለአዲስ አበባና ለጆሃንስበርግ መንገደኞች የሚመች አጋጣሚ አለ። በበረራ ጊዜ የካቢኑ ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እንዲመሳሰል ይደረጋል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የጆሃንስበርጉ ኦ አር ታምቦ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚበር ሰው ጆሮ የሚገጥመው ለውጥ አነስተኛ ነው። ወደ ደርባን፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቤይሩት፣ ማለትም ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ መንገደኛ ግን ሙሉውን ለውጥ ይቀምሳል። ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው፣ ወደ አራት ኪሎ ሜትር በሚጠልቀው የምፖኔንግ የወርቅ ማዕድን ውስጥ በአሳንሰር የሚወርዱ ሠራተኞችም ጆሯቸው የሚያውቀው ይህንኑ ግፊት ነው።

መፍትሔው መዋጥ፣ ማዛጋት፣ ማስቲካ ማኘክ ነው። አፍንጫን ይዞና አፍን ዘግቶ በቀስታ መንፋትም ይረዳል፤ በኃይል ግን አይነፋም። ሕፃን አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ ይሰጠው። ከማረፊያው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት አለመተኛት ይመከራል። ከባድ ጉንፋን የያዘው ሰው ከተቻለ ጉዞውን ያዘግይ።

ጆሮ ያልታመመበት የጆሮ ሕመም

ሐኪም ጆሮውን አይቶ «ጆሮህ ጤነኛ ነው» ቢል ሕመምተኛው ሊገረም ይችላል። ጆሮን፣ ጥርስን፣ መንጋጋንና ጉሮሮን የሚያገለግሉ ነርቮች ስለሚቀላቀሉ፣ የአንዱ ሕመም በሌላው ላይ ይሰማል። የተቦረቦረ ጥርስ፣ ያበጠ ቶንሲል፣ በጭንቀት ጥርስ እያፋጨ የሚያድር ሰው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ጆሮ ላይ ያማሉ። ጆሮ ደግፍም ከጆሮ በታች ያለው የምራቅ ዕጢ የሚያብጥበት በሽታ እንጂ የጆሮ በሽታ አይደለም። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ለሳምንታት የሚያመው ጎልማሳ፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ከከበደው፣ ጉሮሮውን በአንገት በላይ ሐኪም ማስመርመር አለበት፤ የጉሮሮ ካንሰር አንዳንድ ጊዜ ራሱን የሚገልጸው በጆሮ ሕመም ነው።

በጆሮ ቅጠል ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ትናንሽ ቁስሎች ወጥተው የፊት አንድ ጎን ከወደቀ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ የፊትን ነርቭ ይዞት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የሚሠራው በቶሎ፣ ቢቻል በሦስት ቀን ውስጥ፣ ሲጀመር ነው።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ፣ ምንስ እንተው?

ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ለጆሮ ሕመም የሚውሉት ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ያደረጉትም እናቶች በፍቅር እንጂ በክፋት አይደለም። ይሁን እንጂ ታምቡሩ ይቀደድ አይቀደድ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። በተቀደደ ታምቡር በኩል የገባ ጭማቂ፣ ቅቤ ወይም ወተት በመካከለኛው ጆሮ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። የጋለ ዘይት ደግሞ ቆዳውንና ታምቡሩን ያቃጥላል። ጤና አዳሙ ለቡናው፣ ነጭ ሽንኩርቱም ለወጡ ይሁን። ለጆሮ የሚበጀው ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ ከውጭ በኩል መያዝ፣ ራስን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛትና በልኩ የተሰጠ የሕመም ማስታገሻ ነው።

ልጅ ባቄላ፣ ጨሌ ወይም የአሻንጉሊት ቁራጭ ጆሮው ውስጥ ቢከት በሽቦ ለማውጣት አይሞከር፤ የበለጠ ይገባልና። ባቄላ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ስለዚህ ውሃ አይጨመርበት። እንደ ሳንቲም የተድቦለቦለች ትንሽ ባትሪ ከሆነች በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ስለምታቃጥል ወዲያውኑ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል። ነፍሳት ገብቶ ሲንቀሳቀስ የሚያስጨንቀውን ሰው ግን፣ ታምቡሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ማንጠባጠብ ነፍሳቱን ገድሎ እፎይታ ይሰጠዋል፤ የማውጣቱ ሥራ ለባለሙያ ይተዋል።

ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

• ከጆሮ ጀርባ እብጠት፣ መቅላት ወይም ሲነኩት ሕመም
• ከጆሮ የሚወጣ መግል ወይም ደም፣ በተለይ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ
• ድንገት መስማት አለመቻል፣ ከባድ ማዞር ወይም የፊት መጣመም
• ከፍተኛ ትኩሳት ከአንገት መገተር፣ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከማስመለስ ወይም ከመፍዘዝ ጋር
• ከስድስት ወር በታች ባለ ሕፃን የሚታይ ማንኛውም የጆሮ ሕመም
• በሁለት ወይም ሦስት ቀን ውስጥ ያልተሻለ ሕመም

በር ላይ ያለው ጥያቄ

በጆሃንስበርግ ላለ ስደተኛ ከመድኃኒቱ በላይ የሚያስጨንቀው የክሊኒኩ በር ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል። የአገሪቱ የጤና ሕግ ደግሞ የግል የሕክምና መድን ለሌላቸው ነፍሰ ጡሮችና ከስድስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የመንግሥት ሕክምና በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። የከተማዋ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሰጠው ትእዛዝ ይህ መብት ዜግነትም ሆነ የመኖሪያ ወረቀት ሳይጠየቅ ለሁሉም የሚሠራ መሆኑን አረጋግጧል። ያም ሆኖ በተከተሉት ዓመታት የውጭ ዜጎችን ከክሊኒክ በር ላይ የሚመልሱ ቡድኖች ታይተዋል፤ ፍርሃቱም ከሰው ልብ አልወጣም።

ይህ ሕግ ከጆሮ ጋር ያለው ዝምድና ጥብቅ ነው። የጆሮ ኢንፌክሽን የሚበዛው ከስድስት ዓመት በታች ባለው ዕድሜ ነው፤ ሕጉም ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ይህንኑ ዕድሜ ነው። በጄፒ ሱቅ ውስጥ በካርቶን ላይ ተኝታ ጆሮዋን የምታሽ ሕፃን መታከም በሕግ የተረጋገጠ መብቷ ነው። ብቻውን ለመሄድ የሚፈራ ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ ወገን ይዞ፣ የልጁን የክትባት ካርድ ጨምሮ ቢሄድ ይበጀዋል። አብሮ የሚሄደው ሰው ከዕቁብና ከማኅበር ጓደኞች መካከል አይጠፋም።

የጠፋ መስማት ሲመለስ

ከጆሃንስበርግ አንድ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ በምትገኘው ፕሪቶሪያ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ፕሮፌሰር ማሹዱ ሺፉላሮ የተባሉ የአንገት በላይ ሐኪም በስቲቭ ቢኮ አካዳሚክ ሆስፒታል በአደጋ የመስማት ችሎታውን ላጣ ሰው በሦስት አውታር ማተሚያ የተሠሩ የመካከለኛ ጆሮ አጥንቶችን ተክለዋል። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰምቷል። በዚያችው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፎ የተሠራ የስልክ ቴክኖሎጂም የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ላወጣው «ሂርደብሊውኤችኦ» ለተባለ የመስማት መፈተሻ መተግበሪያ ውሏል። የጆሮ ማዳመጫ ያለው ማንኛውም አዋቂ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ሊፈትንበት ይችላል።

ሳይንሱ እዚህ ደርሷል። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንዳስታወቀው፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶው ሊከላከሉት የሚቻል ነው። በሦስት አውታር የታተመ አጥንት ለጥቂቶች ይደርሳል። ንጹሕ የጨርቅ ክር፣ የሁለት ሳምንት ጠብታና በጊዜ ያየ የነርስ ዓይን ግን ለብዙዎች ሊደርሱ ይችላሉ።

ስለዚህ ልቅሶው በቆመ ማግስት፣ ትራሱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ባየን ጊዜ፣ «ተመስገን» ካልን በኋላ አንድ ሥራ ይቀረናል። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ልጅን አቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ጆሮው መድረቁን፣ ታምቡሩ መደፈኑን፣ ልጅቷም በሹክሹክታ ስትጠራ መዞሯን አይቶ ማረጋገጥ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ጆሮ ደግሞ በሽታውን ከገዛ ባለቤቱም ይደብቃል።